ታና ላይ ስትበሩ ካርቡሬተር በረዶ ከያዘ፦ ምን ይደረግ?

«ባሕር ዳር ላይ 22 ዲግሪ እያለ እንዴት ሞተር በረዶ ይይዘዋል?» ክረምት በገባ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣል። ጠያቂዎቹ በብዛት ሰልጣኞች ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ በትንሽ አውሮፕላን መጥተው ሐይቁን ከላይ ማየት የሚፈልጉ ናቸው። መልሱ አጭር ነው፦ ይይዘዋል። እንዲያውም የሚወደው ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ምክንያቱን ካልያዛችሁ ከታች ያሉት ደረጃዎች የሽምደዳ ነገር ስለሚሆኑ ከእሱ እንጀምር። ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ክፍል ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮው ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ግፊቱ ወርዶ ይቀዘቅዛል። ቤንዚኑም እዚያው ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይነጥቃል። እጃችሁ ላይ ቤንዚን ፈሶ የሚያውቅ ከሆነ ቅዝቃዜውን ታውቁታላችሁ። ሁለቱ ሲደመሩ የአየሩን ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ሊጥሉት ይችላሉ። ስለዚህ በ22 ዲግሪ የገባው አየር ውስጥ ሲደርስ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። የያዘው እርጥበት ጉሮሮው ላይና ስሮትሉ (የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረው እጀታ) የሚከፍተው ክብ ክዳን ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። መተላለፊያው ይጠባል፣ ሞተሩ ይታፈናል።

በብዛት የሚከሰተው ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። ሆኖም ሙቀቱ እስከ 38 ዲግሪ ቢወጣ፣ እርጥበቱም እስከ 50 በመቶ ቢወርድ እንኳ ሊያጋጥም ይችላል። ደመና ወይም ዝናብ መኖር የለበትም። ጥርት ያለ ሰማይ ሥር፣ ሐይቁ ላይ፣ ጧት በጧት ሊይዛችሁ ይችላል።

ክንፍ ላይ ስለሚጋገር በረዶም ትጠይቃላችሁ። በግምት በየ1,000 ጫማው ሙቀቱ 2 ዲግሪ ይቀንሳል። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 6,000 ጫማ ነው። እዚያ 22 ዲግሪ ከሆነ ዜሮ የሚገኘው 17,000 ጫማ አካባቢ ነው። ካርቡሬተር ያላት ትንሽ አውሮፕላን በአብዛኛው እዚያ አትደርስም። እኛን የሚያሳስበን ሞተሩ ውስጥ ያለው ነው።

ይህ መመሪያ የአውሮፕላናችሁን መጽሐፍ አይተካም። እዚህ ያለው ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ከተጋጨ የመጽሐፉን ያዙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የአውሮፕላኑ የበረራ መመሪያ መጽሐፍና ቼክሊስት
- የውጭ ሙቀት መለኪያ (የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም)
- የሙቀትና የጤዛ ነጥብ (አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት) የበረዶ ሰንጠረዥ፣ ታትሞ ጉልበታችሁ ላይ የሚቀመጥ
- የቤንዚን ናሙና መቅጃ ኩባያ
- ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ሰውነት ላይ
- ወረቀትና እርሳስ

የካርቡሬተር ሙቀት መለኪያ የተገጠመለት አውሮፕላን ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። አብዛኞቹ የላቸውም።

1. ሞተራችሁን እወቁ

ካርቡሬተር ነው ወይስ ኢንጀክሽን (ያለ ካርቡሬተር ቤንዚኑን የሚረጭ)? ሴስና 150 እና 152 ካርቡሬተር ናቸው። ሴስና 172 እስከ እ.ኤ.አ. 1986 የተሠሩት አብዛኞቹ ካርቡሬተር ሲሆኑ፣ ከ1996 ወዲህ የመጡት አርና ኤስ ሞዴሎች ኢንጀክሽን ናቸው። የድሮዎቹ የኮንቲኔንታል ኩባንያ ሞተሮች ከላይካሚንግ ኩባንያዎቹ ይልቅ በቶሎ በረዶ ይይዛሉ። ላይካሚንጉ ላይ ካርቡሬተሩ ከዘይት መያዣው ሥር ስለሚታሰር ከትኩሱ ዘይት ትንሽ ሙቀት ያገኛል። ያ ማለት ግን ከበረዶ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ፓነሉ ላይ «ካርብ ሂት» የሚባለውን እጀታ ፈልጉ። ስትስቡት ማርሚታው ዙሪያ የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሩ ይገባል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁ እስኪያገኘው ተለማመዱ። በአቅራቢያው ካለው ሚክስቸር (የቤንዚኑን መጠን ከአየሩ ጋር የሚያመጣጥነው እጀታ) ጋር የሚያምታታ ሰው አለ። ሚክስቸርን እስከ መጨረሻው መሳብ ሞተሩን ያጠፋዋል።

2. ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ጠይቁ

ሙቀትና ጤዛ ነጥብ። ታወሩ (የማረፊያው የበረራ ተቆጣጣሪ) ይነግራችኋል። ሁለቱ በተቀራረቡ ቁጥር አየሩ እርጥብ ነው። ለምሳሌ ሙቀት 21፣ ጤዛ ነጥብ 17 ከሆነ እርጥበቱ 80 በመቶ ገደማ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ይህ ስሮትል ተቀንሶ ሲወረድ ከባድ በረዶ የሚያዝበት ክልል ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር የዘወትር ነው።

ማረፊያው ላይ የተነገራችሁን ሙቀት ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። 9,500 ጫማ ላይ ስትደርሱ 7 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በረዶው የሚወደው መሐል ትገባላችሁ።

3. ቤንዚኑንና ካርብ ሂቱን ፈትሹ

ከእያንዳንዱ ታንክ ናሙና ቅዱ። ውሃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል። ቤንዚን ውስጥ ያለ ውሃም ሞተር ያቆራርጣል፣ በረዶም ይመስላል። መሬት ላይ ከለያችሁት ሰማይ ላይ አንድ ጥርጣሬ ይቀንስላችኋል።

ከዚያ ሞተሩን ስትፈትሹ መጀመሪያ ሚክስቸሩን አስተካክሉ። ባሕር ዳር 6,000 ጫማ ነው። 25 ዲግሪ በሆነ ቀን ሞተሩ አየሩን የ8,600 ጫማ ያህል ሳስቶ ነው የሚያገኘው። ሚክስቸሩን እስከ ጥግ ገፍታችሁ ከተዋችሁት ቤንዚን ይበዛበትና ይንተፋተፋል። ይህን በረዶ ነው ብለው የሚደናገጡ አሉ። ቀስ እያላችሁ ሳቡት፤ አርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ብዛት) ከፍ ብሎ ልስልስ ሲል አቁሙ።

አሁን ካርብ ሂቱን ሙሉ ሳቡ። ከሦስት አንዱን ታያላችሁ፦

- አርፒኤሙ ትንሽ ወርዶ ይረጋል፦ ደህና ነው። ትኩስ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ ጉልበት ይቀንሳል።
- ወርዶ፣ ተንገጫግጮ፣ መልሶ ይወጣል፦ መሬት ላይ እያላችሁ በረዶ ይዟል። እስኪጠራ ጠብቁ።
- ምንም አይንቀሳቀስም፦ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ክዳኑ አልተከፈተም። አትነሱ። ተመልሳችሁ መካኒክ ጥሩ።

⚠ ይህን ፍተሻ አቧራ ባለበት አታድርጉ፤ አስፋልት ላይ ቆማችሁ አድርጉት። ትኩሱ አየር በፊልትሮ አያልፍም፤ በበጋ የተነሳው አቧራ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

4. ስትነሱ ካርብ ሂት ይጥፋ

ባሕር ዳር ላይ ሞተሩ ገና ከመነሻው የሩብ ያህል ጉልበቱን በከፍታው አጥቷል። ካርብ ሂት እስከ 15 በመቶ ተጨማሪ ሊወስድ ይችላል። ተራ ስትጠብቁ ቆይታችሁ ከሆነ ግን ወደ ራንዌይ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሳቡትና በረዶ ካለ አጽዱት። ከዚያ ሙሉ ገፍታችሁ ተነሱ።

5. መስመራችሁን በዳርቻው አድርጉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከካርብ ሂቱ እኩል ነው የማየው።

የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 5,870 ጫማ ነው። ከፍታ መለኪያው 9,500 ሲል ከውሃው በላይ ያላችሁት 3,600 ጫማ ብቻ ነው። ሞተሩ የቆመ ሴስና 172 ነፋስ በሌለበት ከ1,000 ጫማ ወደ 2.7 ኪሎ ሜትር ይንሸራተታል። በ3,600 ጫማ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ፤ ዞራችሁ ለመመለስ የምታጠፉት ከፍታም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ሐይቁ ደግሞ በሰፊው በኩል ወደ 66 ኪሎ ሜትር ነው። መሐሉ ላይ ሆናችሁ ሞተር ከቆመ ይህች አውሮፕላን ልትወጣ የምትችለው ከፍታ ሁሉ ቢኖራችሁ እንኳ ዳር አያደርሳችሁም። ደቅ ደሴት ከቀረባችሁ ከውሃ ይሻላል። ካልቀረባችሁ ግን ቀድማችሁ አስቡበት።

ወደ ጎርጎራ የምትሄዱ ከሆነ ቀጥታውን መስመር ትታችሁ ዳር ዳሩን ያዙ። የሚጨምርባችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው። መስመሩን ለታወሩ አስቀድማችሁ ንገሩ።

⚠ በሰሜን ምሥራቅ በኩል እምቦጭ የሸፈነው ውሃ ከላይ ሲያዩት ለምለም መስክ ይመስላል። ማረፊያ አድርጋችሁ እንዳትመርጡት። የፎገራ ሜዳም እንደ ወቅቱ ነው፦ በክረምት ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ አዝመራው ከተነሳ በኋላ ግን መሬቱ ይደርቃል።

6. ከፍታ ላይ ሳላችሁ በየ10 እስከ 15 ደቂቃው ፈትሹ

አርፒኤሙን ወረቀት ላይ ጻፉ። ካርብ ሂቱን ሙሉ ሳቡ፣ 30 ሰከንድ ገደማ ጠብቁ፣ መልሱ። ከመለሳችሁት በኋላ ያለው ቁጥር ከጻፋችሁት ከበለጠ በረዶ መጋገር ጀምሮ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ፍተሻውን አቀራርቡት። ሐይቁን እየዞሩ ፎቶ ሲያነሱ ይህ ደረጃ ነው የሚረሳው።

7. ምልክቱ ሲመጣ

ዘጌን በግራ ትታችሁ ወደ ሰሜን እየሄዳችሁ ነው እንበል። 2,400 ላይ ያስቀመጣችሁት አርፒኤም 2,350 ሆኗል። ስሮትሉን የነካው የለም። እጃችሁ ሳታስቡት ትንሽ ይገፋዋል፤ መርፌዋ 2,400 ትመለሳለች። ጥቂት ቆይታ እንደገና 2,340። እንደገና ትገፋላችሁ። ሞተሩ ልስልስ እንዳለ ነው፤ ድምፁ አልተለወጠም። በዚህ መሐል ጉሮሮው እየጠበበ ነው፤ እናንተም በስሮትል እየሸፈናችሁለት ነው። ፕሮፔለሩ ፍጥነቱን ራሱ የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አርፒኤሙ አይወርድም፤ የሚወርደው የማኒፎልድ ግፊት (ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር ግፊት) ነው። እሱን እዩ።

ሀ. ካርብ ሂቱን እስከ መጨረሻው ሳቡ። ግማሽ የለም። በግማሽ ሙቀት የቀለጠው ውሃ ትንሽ ራቅ ብሎ መልሶ ሊጋገር ይችላል። ሙቀት መለኪያ ከሌላችሁ ሙሉ ወይም ዜሮ ነው።

ለ. ሲብስበት ጠብቁ። አርፒኤሙ ይወርዳል፤ 2,200 ሊደርስ ይችላል። በረዶው ቀልጦ ውሃው በሲሊንደሮቹ ሲያልፍ ሞተሩ ይቆራረጣል፣ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል። ይህ ጊዜ ያስፈራል። ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው «ኧረ መልሰው!» ሊላችሁ ይችላል። አትመልሱት። መድኃኒቱ ሲሠራ ነው የሚያንገጫግጨው። ከመለሳችሁት የቀለጠው ያህል መልሶ ይጋገራል፤ ሁለተኛ ስትስቡት ደግሞ ሞተሩ ደክሞ ስለሚሆን ማርሚታው የሚሰጣችሁ ሙቀት ይቀንሳል።

ሐ. ሚክስቸሩን በትንሹ ሳብ አድርጉ። ትኩስ አየር ሲገባ ቤንዚኑ ይበዛል፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ ብዛቱ ቶሎ ይታወቃል። አርፒኤም ከጨመረ ልክ ናችሁ።

መ. አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ ፍጥነት ጠብቁ፤ ወደ ዳርቻው ዙሩ። ይህን ለማድረግ ሞተሩ እስኪቆም አትጠብቁ።

ሠ. አርፒኤሙ ወጥቶ ሲረጋ ሌላ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት። ከዚያ ካርብ ሂቱን ሙሉ ግፉ፣ ሚክስቸሩን መልሱ። መጀመሪያ ላይ የነበራችሁን ቁጥር ካገኛችሁ ጸድቷል። ዳግመኛ መውረድ ከጀመረ መልሳችሁ ሳቡትና እንደ ተሳበ ይቆይ። በረራው ግን ይብቃ፤ ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ።

ረ. አንድ ደቂቃ አልፎ ምንም ለውጥ ከሌለ ሌላ ችግር ሊሆን ይችላል። ታንክ መምረጫውን እዩ፣ ማግኔቶዎቹን (ለሻማዎቹ እሳት የሚሰጡትን) አንድ በአንድ ሞክሩ፣ ፕራይመሩ (ሞተር ለማስነሳት ቤንዚን የሚረጨው የእጅ ፓምፕ) መቆለፉን አረጋግጡ። ካርብ ሂቱ ግን እንደ ተሳበ ይቆይ።

8. ሞተሩ ከቆመ

መጀመሪያ ፍጥነት። ሴስና 172ፒ ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ 65 ኖት ነው፤ የእናንተን ከመጽሐፉ አይታችሁ በቃላችሁ ያዙ። ከዚያ ወዲያው ካርብ ሂት፣ ገና ካልሳባችሁት። ማርሚታው ትኩስ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከቀዘቀዘ እጀታው ጌጥ ነው።

የምታርፉበትን ምረጡ፣ ወደዚያ ዙሩ። ታንክ «ሁለቱም» ላይ፣ ማግኔቶ «ሁለቱም» ላይ፣ ሚክስቸር ለከፍታው በሚሆን መጠን። ፕሮፔለሩ በነፋሱ እየዞረ ከሆነ በረዶው ሲቀልጥ ሞተሩ ራሱ ሊነሳ ይችላል። ከቆመ በቁልፉ አስነሱ።

«ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ የአውሮፕላናችሁ መጠሪያ፣ ቦታችሁ፣ ምን እንደ ሆነ፣ ስንት ሰው። ከመጠሪያው በኋላ «ከዘጌ ሰሜን 5 ኪሎ ሜትር፣ ሞተር ቆሟል፣ 2 ሰው» በቂ ነው። ትራንስፖንደር (ለራዳር መለያ ቁጥር የሚልከው መሣሪያ) 7700 ላይ። ታወሩ ካልመለሰ በአደጋ ጊዜው የሬዲዮ ሞገድ በ121.5 ላይ ጥሩ።

ውሃ ላይ መውረዳችሁ ካልቀረ ጀልባ ወይም ታንኳ ወዳለበት ተጠጉ፤ ቀድሞ የሚደርስላችሁ ዓሣ አጥማጁ ነው። ውሃውን ከመንካታችሁ በፊት በሩን ከፈት አድርጉት፤ በኋላ የውሃው ግፊት አያስከፍታችሁም። ጃኬቱን ውጭ ስትሆኑ ብቻ ንፉት። ውስጥ ከነፋችሁት ጣሪያው ላይ ያጣብቃችኋል።

9. ስትወርዱና ስታርፉ

ስሮትሉን ከመቀነሳችሁ በፊት ካርብ ሂት ሳቡ። ስሮትል ሲቀነስ ክዳኑ ሊዘጋ ይቃረባል፤ በዚያች ቀጭን ክፍተት ላይ ትንሽ በረዶ ትበቃለች። የሞተሩም ሙቀት እየወረደ ነው። ረጅም መውረድ ከሆነ በየተወሰነ ጊዜው ስሮትሉን ጨመር አድርጋችሁ ሞተሩ መልስ እንደሚሰጥ እዩ። ሰልጣኞች ይህን ነገር የሚያውቁት በብዛት ራንዌዩ አጠገብ ስሮትል ገፍተው ሞተሩ ዝም ሲላቸው ነው።

ሳታርፉ መልሳችሁ ለመነሳት ከወሰናችሁ ቅደም ተከተሉ ስሮትል ሙሉ፣ ወዲያው ካርብ ሂት ወደ ውስጥ። ሁለተኛውን ከረሳችሁ በዚህ ከፍታ አውሮፕላኑ ላይወጣላችሁ ይችላል።

10. ካረፋችሁ በኋላ

መካኒኩ ሲከፍተው ደረቅ ካርቡሬተር ነው የሚያገኘው። በረዶ ማስረጃ አይተውም። ስለዚህ ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ የውጭ ሙቀቱን፣ ከካርብ ሂት በፊትና በኋላ የነበረውን አርፒኤም ጻፉለት። የማርሚታውን ሽፋንም እንዲያየው ንገሩት። ከተሰነጠቀ ትኩሱ አየር ይቀንሳል፤ በብዙ አውሮፕላኖች የካቢኑ ማሞቂያም ከዚያው ማርሚታ ስለሚመጣ ጭሱ እናንተ ዘንድ ሊገባ ይችላል።

የተለመዱ ስህተቶች

ትልቁን 7ለ ላይ ብያለሁ፦ ሲብስበት መመለስ። ሁለተኛው «ደመና የለም፣ ፀሐይ ነው» ብሎ መዘናጋት ነው። ሦስተኛው አርፒኤም ሲወርድ ስሮትል መጨመር። ካርብ ሂትን በረራውን ሙሉ ስቦ መሄድም አለ፤ ጉልበት ይበላል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ለመፈተሽም አያመችም።

«የእኔ ኢንጀክሽን ነው፣ አይመለከተኝም» የምትሉም አላችሁ። ካርቡሬተር ውስጥ የሚጋገረው በረዶ አይመለከታችሁም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከባድ ዝናብ ፊልትሮውን ሲያረጥበው፣ ወይም ነፍሳትና ወፍ መግቢያውን ሲዘጉት እናንተም አየር ያጥራችኋል። የእናንተ መፍትሔ ተለዋጭ የአየር መግቢያ ይባላል። አንዳንዱ አውሮፕላን ላይ ራሱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ላይ እጀታ አለው። የእናንተ የትኛው እንደ ሆነ ሞተር ሳታስነሱ መጽሐፉን ገልጣችሁ እዩ።